ስለ ደብር ታሪክና ስለ ብራና መጻሕፍት ምርመራ

አንድ ደብር ታቦቱ የገባበትን ዘመን ቈጥሮ ኢዮቤልዩውን ለማክበር በሚዘጋጅበት ጊዜ፥ ካህናቱና ምእመናኑ አስቀድመው የሚጠያየቁት ነገር አለ፤ ይኸውም ቤተ ክርስቲያኑን ማን ተከለው፥ መሬቱን ማን ሰጠ፥ የመጀመሪያው አለቃ ማን ነበር የሚል ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲጠየቁ አንዱ በአባቴ ዘመን ነው ይላል፤ ሁለተኛው ከዚያ በፊት ነው ይላል፤ ሦስተኛውም ሁለቱን ለማስታረቅ ሲል ከሁለቱም ያልተሰማ አዲስ ነገር ይጨምራል። ይህም ሐሰት ለመናገር ከመፈለግ የሚመጣ አይደለም፤ የሰው ልብ የሰማውን ሁሉ በየዘመኑ ለይቶ ማቈየት ስለማይችል ነው እንጂ። ስለዚህ የደብሩን ታሪክ ጽፎ ለልጅ ልጅ ማስተላለፍ የሚወድ ሰው ከቃል ወደ ጽሑፍ መሄድ ግድ ይሆንበታል፤ ጽሑፉም በደብሩ ዕቃ ቤት ያልተገኘ እንደ ሆነ ወደ ቤተ መጻሕፍትና ወደ ቤተ መዛግብት መጓዝ ያስፈልገዋል።

ቤተ መዛግብት ሲባል ለብዙ ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን በኢትዮጵያ የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን በነበረበት፥ ቤተ መንግሥቱም ከክረምት ወደ በጋ ቦታውን በሚለውጥበት ዘመን፥ ጽሑፍን ጠብቃ ያቈየች ቤተ ክርስቲያን ናት። ንጉሥ ወይም መኰንን ለአንድ ገዳም ጕልት በሰጠ ጊዜ፥ የስጦታው ቃል ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በነጠላ ብራና ላይ አልነበረም፤ በወንጌሉ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ በተተወው ባዶ ቅጠል፥ ቦታም ቢያጥር በኅዳጉ ነበር። ለምን ቢሉ፥ ነጠላ ብራና ይጠፋል፥ ይሰረቃል፥ ይቃጠላል፤ ወንጌል ግን በካህናት ሁሉ ፊት የሚገለጥ መጽሐፍ ስለ ሆነ በስውር ሊለውጡት አይቻልም። አንድም፥ በወንጌል ላይ የተጻፈውን ቃል የሚያፈርስ ሰው በእግዚአብሔር ፊት የተሰጠውን ቃል እንዳፈረሰ ስለሚቈጠር ነው። በጽሑፉም መጨረሻ የሰረቀውንና የፋቀውን ሁሉ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃል ይጨመርበታል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ አባቶች ወንጌል ዘወርቅ ብለው ይጠሩታል።

ከነዚህም መጻሕፍት ስማቸው በታሪክ መርማሪዎች ዘንድ የታወቀ አሉ። በአከለ ጉዛይ ባለው በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የሚገኘው ወንጌል ዘወርቅ የንጉሥ ላሊበላን የጕልት ስጦታ ሳይቀር ይዞ ይገኛል፤ ኢጣልያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ ያንን ጽሑፍ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1901 አሳትሞታል። በሐይቅ እስጢፋኖስም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለገዳማቸው ያስጻፉት አራቱ ወንጌል አለ፤ በውስጡም የእርሳቸው ሥዕል አለበት። በኅዳጉና በባዶው ቅጠል የተጻፈው የገዳሙ ነገር ባይኖር ኖሮ፥ ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ተራ ዛሬ የሚታወቀው እጅግ ያነሰ በሆነ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ታደሰ ታምራት የደብረ ሐይቅን አበምኔቶች ዘመን ሲመረምሩ ያነበቡት ይህንኑ መጽሐፍ ነው።

እንግዲህ አንድ የብራና መጽሐፍ ሁለት ነገር ተሸክሞ ይኖራል ማለት ነው። አንደኛው ሁሉ የሚያውቀው ዋናው ቃል ነው፤ ወንጌሉ፥ ድርሳኑ፥ ተአምሩ። ይህ በሌላ ደብርም ይገኛል፤ ቢጠፋም ከሌላ ተቀድቶ ይተካል። ሁለተኛው በዚያ መጽሐፍ ላይ ብቻ ያለው የኅዳግ ጽሑፍ ነው፤ የመሬቱ ወሰን፥ የምስክሮቹ ስም፥ የአለቃው ሹመት፥ ስለ ዕቃው ቈጠራ፥ ስለ ረኃብ ወይም ስለ በሽታ ዘመን የተጻፈው ጥቂት መስመር። ይህ አንድ ጊዜ ከጠፋ የሚተካው የለም። ብዙ ሰው በአንድ መጽሐፍ ላይ የሚያደንቀው ሐረጉንና ሥዕሉን ነው፤ ገበያተኛም ዋጋ የሚሰጠው ለዚያው ነው፤ ለደብር ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ የሚበልጠው በክፉ ብዕር ተቸኵሎ የተጻፈው የኅዳጉ ቃል ነው።

መጻሕፍቱ ከየደብራቸው እንዴት እንደ ወጡ ማወቅ፥ ወዴት ሄዶ መፈለግ እንደሚገባ ያመለክታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1770 ጎንደር ገብቶ፥ ሲመለስ ከሌሎች መጻሕፍት ጋር ሦስት መጽሐፈ ሄኖክ ይዞ ሄደ፤ አንዱ ፓሪስ፥ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ። ከእርሱም በኋላ አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ከ10 ዓመት በላይ በአገሩ ተቀምጦ ከ200 የሚበልጡ ብራናዎች ሰበሰበ፤ እነርሱም ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ከሁሉ የበለጠው ግን በመቅደላ የሆነው ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ አስበው፥ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናትና ከሌላም ስፍራ ብዙ መጻሕፍት አሰባስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዞች እጅ በወደቀ ጊዜ፥ ንጉሡም ሞተው በተገኙበት ቀን፥ ወታደሮቹ ዕቃ ቤቱንና ግምጃ ቤቱን በዘበዙ። የተዘረፈውንም 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ተሸክመውት ወደ ደላንታ ሜዳ እንደ ወረደ ተጽፏል። በዚያም ሜዳ ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን ጨረታ ተደረገ፤ ቅዱሳት ንዋያትና መጻሕፍት እንደ ገበያ ዕቃ ተጫረቱባቸው። የብሪታንያ ሙዚየም ሪቻርድ ሆልምስ የተባለውን ሠራተኛውን አስቀድሞ ከጦሩ ጋር ልኮት ስለ ነበረ፥ እርሱ ገንዘብ ይዞ ይገዛ ነበር። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች በዚህ ምክንያት ለንደን ገቡ፤ ከቀሩትም ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተሰጡ። ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ በሙዚየሙ ያሉትን የኢትዮጵያ መጻሕፍት አንድ በአንድ መርምሮ፥ ዝርዝራቸውን በፈረንጅ አቈጣጠር በ1877 አሳተመ። ያ መዝገብ እስከ ዛሬ ድረስ ሥራ ላይ ያለ ነው።

በዚህ ነገር ዐፄ ዮሐንስ ያደረጉት ሊታሰብ ይገባል። በነገሡበት ዓመት፥ በነሐሴ 1864 ዓ.ም.፥ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ለሎርድ ግራንቪል ደብዳቤ ጽፈው ሁለት ነገር ለመኑ፤ አንዱ ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ፥ ሁለተኛው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታ ሥዕል ነው። ክብረ ነገሥት የአገሩን ሕግና የነገሥታቱን ተራ የያዘ ስለ ሆነ፥ ያለ እርሱ ሕዝባቸው እንደማይታዘዛቸው ገለጹ። ሙዚየሙም ሁለት ክብረ ነገሥት ስለ ነበሩት አንዱን በታኅሣሥ 1865 ዓ.ም. መልሶ ላከ። ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ፤ እውነቱ ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ነበር። ከዚህ የሚታየው፥ ንጉሡ የጠየቁት መጽሐፍ ስሙ የታወቀ ስለ ነበረ መመለሱ ነው። በስሙ ሊጠራ የማይችል መጽሐፍ ማን ይመልሰዋል? ከለንደንም ከፓሪስም መጻሕፍቱ ይመለሱ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በገዛ ዕቃ ቤቱ ስንት መጽሐፍ እንዳለ ቈጥሮ የማያውቅ ደብር፥ የወጣበትን ከየት አውቆ ይጠይቃል?

አንዳንድ የዕቃ ቤት ጠባቂዎች መጽሐፍ ለእንግዳ አናሳይም ብለው ሲከለክሉ፥ ተማሪዎችና መርማሪዎች ይቈጡባቸዋል። ጠባቂዎቹ ግን ያለ ምክንያት አልፈሩም። ከመቅደላም በኋላ፥ በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1931 እስከ 1933 ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ ጓድ ከኢትዮጵያ ብዙ መጻሕፍት ሰብስቦ፥ በጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንም የግድግዳውን ሥዕሎች አንሥቶ በስፍራው ቅጂ ተክቶ ሄዷል። እንዲህ ያለውን የሰማ ቄሰ ገበዝ ቍልፉን አጥብቆ ቢይዝ አይፈረድበትም።

የሆነ ሆኖ መጽሐፉን ከስፍራው ሳያነሡ ቃሉን ብቻ ይዞ መሄድ የሚቻልበት ዘዴ ከመጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይህም ፎቶግራፍ ነው። በአሜሪካ በሚኒሶታ አገር በኮሌጅቪል ያሉ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም መነኮሳት፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ የተቃጠሉትን የገዳማት መጻሕፍት አይተው፥ ሌላ ጦርነት ሳይመጣ የቀሩትን በማይክሮፊልም ለማንሣት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1965 ሥራ ጀመሩ። መጀመሪያ የሄዱት ወደ ኦስትርያ ገዳማት ነበር። በ1973 ደግሞ አቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ዘመን፥ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ካለው ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምተው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት የተባለው ሥራ ተቋቋመ። መጻሕፍቱ ከየደብሩ መጥተው ወይም በየስፍራቸው ተነሥተው፥ ለባለቤቱ ደብር ይመለሱ ነበር። ሥራው በአብዮቱ ዘመንም ሳይቋረጥ ቈይቶ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት በፊልም ገቡ፤ አብዛኛዎቹም ከሸዋና ከወሎ ናቸው። የፊልሙ ግልባጭ አንዱ በአዲስ አበባ፥ አንዱ በኮሌጅቪል ተቀመጠ። የሐይቁ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌልም ከነዚህ አንዱ ነው፤ ቍጥሩም 1832 ነው።

ይህን ሁሉ ፊልም አንብበው ዝርዝሩን ከጻፉት ሊቃውንት ዋናው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እርሳቸው በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ በጥይት ቈስለው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ካቃታቸው በኋላ ወደ ኮሌጅቪል ሄደው፥ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ከ40 ዓመት በላይ የአገራቸውን ብራናዎች መረመሩ፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2021 ዐረፉ። ከእርሳቸውም ጋር ዊልያም ማኮምበር የተባለው ሊቅ ሠርቷል። የደብሩን ታሪክ የሚፈልግ ሰው የእነርሱን ዝርዝር ቢያነብ፥ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ በታች መጽሐፉ የተገኘበት ቤተ ክርስቲያንና አገሩ ተጽፎ ያገኛል፤ ከዚያም በመጨረሻ የኅዳጉ ጽሑፎች በየተራ ተቈጥረው ይገኛሉ። ብዙ ሰው የመጽሐፉን ርእስ ብቻ አይቶ፥ ተአምረ ማርያም ከሆነ እኛም አለን ብሎ ያልፈዋል፤ የሚፈልገው የአያቶቹ ስም ግን በዝርዝሩ መጨረሻ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ ይቀራል።

በአዲስ አበባ ሊሄዱበት የሚገባው ስፍራ ሁለት ነው። አንዱ በ1936 ዓ.ም. የተከፈተው፥ ሽማግሌዎች ወመዘክር የሚሉት፥ ዛሬ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ነው፤ በዚያ ብራናም፥ ፊልምም፥ የመንግሥት ደብዳቤም አለ። ሁለተኛው በስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ነው፤ ሪቻርድ ፓንክኸርስት የመጀመሪያው ዋና ሹም፥ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሖይናትስኪ የመጀመሪያው የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ነበሩ። ከሁለቱም ስፍራ ያለ ደብዳቤ መሄድ ድካም ነው። የሚሄደው ሰው ከደብሩ አስተዳደር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፥ የራሱንም መታወቂያ ይዞ፥ የሚፈልገውን ነገር በአጭሩ ጽፎ ቢቀርብ፥ ሠራተኞቹ በቶሎ ይረዱታል። ለንደን ላይም ቢሆን በውጭ የሚኖር ምእመን መታወቂያውንና የመኖሪያ ስፍራውን የሚያስረዳ ወረቀት ይዞ ቢሄድ የአንባቢ ካርድ ይሰጠዋል፤ ብራናዎቹ ከሙዚየሙ ወጥተው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1973 ለተቋቋመው ለብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ተላልፈዋልና። የኮሌጅቪሉ ደግሞ ብዙው በኮምፒውተር መረብ ላይ ስለ ወጣ፥ ስሙን ያስመዘገበ ሰው ያለ ዋጋ በቤቱ ተቀምጦ ሊያነበው ይችላል።

የንባብ አዳራሽ ሥርዐት ለካህን እንግዳ አይሆንበትም፤ ቤተ መቅደስ የሚገባ ሰው የሚጠነቀቀውን ያህል መጠንቀቅ ነው። ቦርሳና ካፖርት በውጭ ይቀመጣል። ምግብና ውሃ ይዞ አይገባም። የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ የቀለም ብዕር አይፈቀድም፤ አንዲት ጠብታ በብራና ላይ ብትወድቅ ለዘላለም ነውና። መጽሐፉ በልዩ ትራስ ላይ ይቀመጣል፤ ገበታው ከጥራዙ እንዳይላቀቅ ከሚገባው በላይ አይገለጥም፤ ቅጠሉም በሰንሰለት መልክ በተሠራ ለስላሳ ክብደት ይያዛል። ነጭ ጓንት ያደረገ ሰው በሥዕል ያዩ ሁሉ ጓንት የግድ ይመስላቸዋል፤ አሁን ግን ለብራና ብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍት የሚመርጡት ታጥቦ የደረቀ እጅን ነው፤ ጓንት ያደረገ ጣት የቅጠሉን ስስነት ስለማይለይ ይቀደዋልና።

መጽሐፉ የሚጠራው በስሙ ሳይሆን በቍጥሩ ነው። ስለዚህ መርማሪው አስቀድሞ ካታሎግ በሚባለው ዝርዝር ቍጥሩን ፈልጎ በወረቀት ጽፎ ለሠራተኛው ይሰጣል። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈው ዝርዝር አንዱን ስም በብዙ ዐይነት ይጽፈዋል፤ ኀይሉንና ሐመሩን፥ ጸሎቱንና ፀሐዩን እያንዳንዱ ሊቅ በራሱ ምልክት ይለየዋልና፤ የደብሩን ስም በአንድ አጻጻፍ ፈልጎ ያጣ ሰው የለም ብሎ ሳይመለስ በሁለተኛውና በሦስተኛው ደግሞ ይፈልግ። ቅጠሎቹም እንደ ታተመ መጽሐፍ በገጽ አይቈጠሩም፤ በቅጠል ተቈጥረው ፊቱና ጀርባው ይለያል። ይህን ቍጥር ሳይጽፍ የተገለበጠ ቃል ለሌላ ሰው አይጠቅምም፤ ሁለተኛው መርማሪ ሄዶ ሊያረጋግጠው አይችልምና።

በፊልም ለሚያነብ ደግሞ አንድ ነገር ይነገረው። የቀድሞው ፊልም ጥቍርና ነጭ ስለ ሆነ፥ በቀይ ቀለም የተጻፈው የቅዱሳን ስም በፊልሙ ላይ ደብዝዞ ይታያል፤ የተፋቀ የሚመስለው ስም ብዙ ጊዜ ቀይ ቀለም ብቻ ነው። በእውነት የተፋቀው ግን አለ። መጽሐፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጥ ወይም ሲወረስ፥ ለገብርከ ከሚለው ቀጥሎ የነበረው ያስጻፊው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም ይገባበታል። ይህ በአብዛኛው ደብር የታየ ልማድ ነው፤ ለጸሎቱ ይጠቅማል ተብሎ የተደረገ ቢሆንም፥ ያንን መጽሐፍ ደክሞ ያስጻፈውን ሰው ከታሪክ ያወጣዋል። አንዳንዱን በጨለማ ልዩ መብራት ሲያበሩበት የቀድሞው ፊደል ይታያል፤ እንዲህ ያለ መብራት ያላቸው ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ናቸው።

በዘመን አቈጣጠር በኩል ግን የሚበልጠው ካህኑ ነው። በቀድሞ ጽሑፍ አንዳንዱ በዓመተ ዓለም፥ አንዳንዱ በዓመተ ሰማዕታት ይናገራል፤ ዓመተ ምሕረት የሚለውም ዛሬ ከሚታወቀው የተለየ ሊሆን ይችላል፤ 532ቱ ዓመት ሲፈጸም ቍጥሩን እንደገና ከአንድ የሚጀምር አቈጣጠር ነበርና። ብዙው ደግሞ የንጉሡን ስም፥ ወንጌላዊውንና አበቅቴውን ብቻ ተናግሮ ያልፋል። በዚህ ጊዜ የውጭ አገር ሊቅ ሰንጠረዥ ይፈልጋል፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ መሪጌታ ግን በጣቱ ያወጣዋል።

መቅደላ የወደቀበትን 1860 ዓ.ም. እንደ ምሳሌ ቢወስዱት፥ 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7360 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ትርፍ የለውም፤ ስለዚህ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ለ19 ሲገደፍ 7 ይተርፋል፤ አንዱን ስለ ዘመኑ ሲያነሡ ወንበሩ 6 ነው፤ አበቅቴው 6፥ መጥቅዑ 24 ይወጣል። መስከረም 24 ዐርብ ዋለ፤ የዐርብ ተውሳክ 2 ተጨምሮ ጾመ ነነዌ ጥር 26 ሆነ፤ ለትንሣኤ 69 ሲጨመርበት ፋሲካ ሚያዝያ 5 ይውላል። የእንግሊዞቹ መዝገብ አምባው የወደቀው ከፋሲካ ማግስት ሰኞ እንደ ነበረ ይናገራል፤ ያም ሚያዝያ 6 ነው። የሁለቱ አገር ጽሑፍ ሳይተዋወቅ በአንድ ቀን ተገናኘ። የደብሩም ወንጌል በእገሌ ንጉሥ፥ በዘመነ ዮሐንስ፥ አበቅቴ 6 ቢል፥ ወንጌላዊውና አበቅቴው አንድ ላይ የሚገናኙት በ76 ዓመት አንድ ጊዜ ስለ ሆነ፥ የንጉሡ ስም ከታወቀ ዓመቱ ያለ ጥርጥር ይገኛል።

ነገር ግን በብራና የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። የመሬት ክርክር በተነሣ ጊዜ የቀድሞ ንጉሥ ስም ጠርቶ አዲስ ጽሑፍ በአሮጌ ወንጌል ላይ የጻፈ ደብተራ አልጠፋም። ስለዚህ ፊደሉ የዚያ ዘመን መልክ እንዳለው፥ ከተጠሩት ምስክሮች ሹመት ጋር ዘመኑ እንደሚስማማ፥ በሌላ ደብር መጽሐፍም ያ ነገር እንደ ተነገረ መመርመር ይገባል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ፥ የጕልቱ ጽሑፍ በዳኛ ፊት የነበረው ጥቅም ቀረ፤ ለመዋሸት የነበረውም ምክንያት አብሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እነዚህን ጽሑፎች ያለ ወገን ማንበብ ቀሏል።

ብራና የሌለው አዲስ ደብርም መዝገብ የለኝም ሊል አይችልም። ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በየደብሩ ሰበካ ጉባኤ ሲቋቋም፥ ቃለ ጉባኤ ይጻፍ ጀመር፤ የክርስትናና የጋብቻ መዝገብም አለ፤ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ደረሰኝ፥ የበዓል ፎቶግራፍ፥ ከሀገረ ስብከት የመጣ ደብዳቤ አለ። ይህ ወረቀት ከብራና ይልቅ ቶሎ ይጠፋል። ብራና ውሃ ካልነካው ብዙ መቶ ዓመት ይቈያል፤ በርካሽ ወረቀት ላይ በእስክርቢቶ የተጻፈው ግን ፀሐይና እርጥበት ካገኘው በሰው ዕድሜ ውስጥ ይደበዝዛል፤ አይጥና ምስጥም ይቀድማሉ። ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ፥ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቤት ማስቀመጥ፥ ቅጂውንም በሌላ ስፍራ ማኖር ከባድ ወጪ የለውም። ከዕቃ ቤቱም ያለውን ሁሉ በሁለት ምስክር ፊት ቈጥሮ፥ መጽሐፉን በስሙ፥ በቅጠሉ ብዛት፥ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቃል መመዝገብ ከሁሉ ይቀድማል፤ ሌባ የወሰደው መጽሐፍ በገበያ ሲገኝ የደብሩ መሆኑ የሚረጋገጠው በዚህ ነው። ሥዕል ያለበት ቅጠል ከመካከል ተቈርጦ ሲወጣ፥ ቅጠሉ አስቀድሞ ካልተቈጠረ መጕደሉን እንኳ የሚያውቅ የለም።

ወደ ቤተ መጻሕፍት የሄደ የደብሩ ሰው ሲመለስ፥ ያገኘውን በቃል ብቻ ነግሮ እንዳይቀር፥ የቤተ መጻሕፍቱን ስም፥ የመጽሐፉን ቍጥር፥ ቅጠሉን ከነፊቱና ከነጀርባው፥ ያነበበበትንም ቀን ከግልባጩ ጋር ይጽፋል። ያላገኘውንም ይጽፋል፤ የትኞቹን ዝርዝሮች አይቶ እንዳጣ ቢታወቅ፥ ከእርሱ በኋላ የሚሄደው ሰው እርሱ ካቆመበት ይጀምራልና። ጽሑፉ በሁለት ቅጂ ሆኖ አንዱ በደብሩ ዕቃ ቤት ከመዝገቡ ጋር ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ለሀገረ ስብከቱ ይሰጣል።